የዊትሶ ቤተሰብ፦ ከኖርዌይ ደሴት እስከ ዩታ ኮሌጆች። ልጆቹን ያስተማራቸው ማን ነው?

ሎጋን_ኬሚስትሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዩታ ውስጥ ሎጋን ከተማ፣ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የምንማርበት ህንጻ ዊትሶ ሆል ይባላል። ስሙ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሰሞኑን ማንበብ ጀመርኩ።

ጆን ዊትሶ ይባላል። በ1872 ኖርዌይ ውስጥ ፍሮያ በምትባል ደሴት ነው የተወለደው። ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ገና ልጅ እያለ ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ዩታ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማመን ይከብዳል። ሀርቫርድ፣ ጀርመን፣ ዶክትሬት፣ የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንትነት፣ በመጨረሻም የሞርሞን ቤተክርስቲያን ሐዋርያነት፣ ማለትም ከቤተክርስቲያኗ ከፍተኛ መሪዎች አንዱ መሆን። ወንድሙ ኦስቦርንም ሀርቫርድ ተምሮ የቤተክርስቲያኗን ትምህርት ቤት መርቷል።

እኔ ያልገባኝ መሀሉ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ ሁለት ልጆቿን እንዴት አድርጋ እዚህ አደረሰች? ገንዘቡ ከየት መጣ? ያስተማረቻቸው ቤተክርስቲያኗ ናት ወይስ እናትየዋ?

የእምነቱ ተከታይ አይደለሁም። የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ ናቸው። ስጠይቃቸው የጆንን ሐዋርያነት ይነግሩኛል። ስለ እናቱ ግን «የጫማው ታሪክ አለ» ብለው ያልፉታል። የጫማው ታሪክ ምንድን ነው? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ለትምህርት ሥራ አይደለም፣ ለራሴ ነው። እኔንም እናቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ።

---

የካሽ_ቫሊዋ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካኝ። እኔ የቤተክርስቲያኗ አባል ነኝ። ከስካንዲኔቪያ ወደዚህ ሸለቆ የመጡ ቤተሰቦችን ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ። ስለ አና ዊትሶ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አያጋጥመኝም። ሁሉም ስለ ልጇ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከባሏ ልጀምር፤ ያለ እሱ የአና ነገር አይገባም። እሱም ጆን ይባላል፣ ሥራው አስተማሪነት ነበር። አና ካሪኔ ጎርዴን የተወለደችው በ1849 ፍሮያ ላይ ቲትራን በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። በዚያች ደሴት ኑሮ ማለት ባህሩ ነው። እዚያ አስተማሪ ማግባት መጽሐፍ ያለበት ቤት መግባት ነው። በ1878 አስተማሪው ሞተ። ትልቁ ልጅ ስድስት ዓመቱ፣ ኦስቦርን ደግሞ የሁለት ወር ሕፃን ነበር። አና የቀራት ከባሏ ሥራ የምታገኘው ትንሽ ጡረታ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ያደረገችውን ልብ በይ። ኑሮዋን በትውልድ ደሴቷ ላይ አላደረገችም። ትሮንድሄም ከተማ ገባች። ልጆቿ እንደ አባታቸው የተማሩ እንዲሆኑ ነበር ፍላጎቷ፣ ትምህርቱ ደግሞ ያለው ከተማ ነው። ጡረታዋ ስለማይበቃ ልብስ መስፋት ጀመረች። ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ሞርሞን ምንም አታውቅም። እኔ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው፦ የትምህርቱ ጥማት ከእምነቱ በፊት እቤቷ ነበር።

አሁን ጫማው። የልጇን ጫማ ለማሳደስ ኦላውስ ዮንሰን ለሚባል ጫማ ሠሪ ሰጠችው። ጫማው ተጠግኖ ሲመለስ ውስጡ የታጠፈ የሃይማኖት ጽሑፍ አገኘች። ሌላ ጫማ ላከች፣ እንደገና ሌላ ጽሑፍ። ነገሩ ምን እንደሆነ ልትጠይቀው ራሷ ሄደች። ሰውየው ከጫማ ሶል የሚበልጥ ነገር ልሰጥሽ እችላለሁ አላት። ደነገጠች። ሞርሞን እንደሆነ ስታውቅ ደግሞ ጭራሽ ልትሰማው አልፈለገችም። በሉተራን ቤተክርስቲያን ያደገች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በደንብ የምታውቅ ሴት ናት። ግን መጠየቋን አላቆመችም። ስብሰባቸው ሄደች፣ ተከራከረች፣ እቤቷ ገብታ ጥቅሶቹን አገላበጠች። ወዲያው አላመነችም፤ ጊዜ ወሰደባት። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የአስተማሪ ሚስት እንደመሆኗ መርምራ ነው የገባችው።

ሚያዝያ 1 ቀን 1881 አንቶን ስካንቺ የሚባል ኖርዌያዊ ሚስዮናዊ በትሮንድሄም ፊዮርድ፣ ማለትም ወደ ምድሩ ዘልቆ በገባ ጠባብ ባህር ውስጥ አጠመቃት። በዚያ ወቅት የፊዮርዱ ውሃ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አስቢው። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ወዳጆቿ ራቋት። በ1883 ሁለቱን ልጆች ይዛ ሎጋን ገባች።

ሎጋን ያኔ ምን ነበረች? ኮረብታው ላይ ያለው ቤተመቅደስ ገና አላለቀም፤ የተመረቀው በ1884 ነው። ብሪገም ያንግ ኮሌጅ ግን ነበረ። በ1877 የተመሠረተ የቤተክርስቲያን ኮሌጅ ነው፣ በ1926 ተዘጋ። አና እዚሁም ልብስ መስፋቷን ቀጠለች። ጆንም ገና በልጅነቱ ሥራ ገባ። ቋንቋውን ሁለቱም እየሠሩ ለመዱት። ጆን በ1891 ከዚያ ኮሌጅ ተመረቀ።

በዚያው ዓመት ጆሴፍ ማሪዮን ታነር የሚባል የኮሌጁ መሪ የሎጋን ወጣቶችን ይዞ ወደ ሀርቫርድ ሄደ። ጆን አንዱ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ ላልሽው፣ ከመርፌና ከብድር ነው። ለጋሽ አልነበረም። በ1894 በኬሚስትሪ ከፍተኛውን ማዕረግ ይዞ ተመለሰ።

አንቺ ኬሚስት ስለሆንሽ ይህን ልጨምርልሽ። በ1898 አግብቶ ከባለቤቱ ጋር ጀርመን፣ ጎቲንገን ሄደ። እዚያ የሠራው ከበርንሃርድ ቶለንስ ጋር ነው። አዎ፣ ያ የቶለንስ ሪኤጀንት! ቤተሙከራ ውስጥ የሙከራ ቱቦውን በብር የምታስለብሱበት ሰውዬ። በእጽዋት ውስጥ ስላሉ ስኳሮች አብረው ጥናት አሳትመዋል። ጆን ዶክትሬቱን በ1899 አገኘ። የአንቺ ህንጻ ላይ ያለው ስም ከዚያ ቤተሙከራ ጋር የተያያዘ ነው።

---

ታሪክ_ወዳድ፦

በጣም ጥሩ ተጽፏል። ግን ሁሉንም ለእናትየዋ መስጠት አልችልም። ትሮንድሄም ብትቀር የልብስ ሰፊ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሉ ምን ያህል ነበር? ሎጋን ግን ስትደርስ ኮሌጁ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነበር። መሪው ወጣቶቹን ሰብስቦ ሀርቫርድ የሚወስድ ሰው ነበር። የሎጋኑ ግብርና ኮሌጅም፣ ዛሬ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ የተመሠረተው በ1888 ነው፤ ጆን ሀርቫርድን ጨርሶ ሲመለስ ሥራ የሚሰጠው ተቋም ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ያ ማኅበረሰብ የራሱን ምሁራን በአስቸኳይ ይፈልግ ነበር። በጊዜው መገኘትም ዕድል ነው።

ደግሞም መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1905 በዩታ ፖለቲካና በግብርና ኮሌጁና በዩታ ዩኒቨርሲቲ መካከል በነበረው ፉክክር ምክንያት ጆን ከግብርና ኮሌጁ ተባሯል። ፕሮቮ የሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ወሰደውና የግብርና ትምህርቱን እንዲያቋቁም አደረገው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1907፣ ወዳባረረው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመለሰ። እስከ 1916 መራው።

---

አፈርና_ውሃ፦

እኔ የአፈርና ውሃ ባለሙያ ነኝ። እዚህ ውይይት ላይ ስለ ሥራው የሚያወራ ሰው ስላላየሁ ልግባ።

ጆን ዊትሶ በዩታ ከፍ ያለ ስም ያገኘው በደረቅ እርሻ ነው። በመስኖ ሳይሆን በዝናብ ብቻ፣ ያውም ትንሽ ዝናብ በሚጥልበት መሬት ላይ ማረስ ማለት ነው። በዓመት ከ50 ሴንቲሜትር በታች ዝናብ ያለበትን ቦታ አስቡ። የክረምቱ በረዶ ቀልጦ አፈር ውስጥ ይገባል። ጥያቄው ያንን እርጥበት እስከ መኸር እንዴት አፈሩ ውስጥ እናቆየው ነው። መልሱ በጥልቀት ማረስ፣ የላይኛውን አፈር ማላላት፣ አረሙን ማጥፋት፣ መሬቱን በየሁለተኛው ዓመት ማሳረፍ ነው። ገበሬዎች ይህን በልምድ ጀምረውት ነበር። ዊትሶ ያደረገው መለካት ነው። በ1900 የግብርና ኮሌጁ የሙከራ ጣቢያ ዳይሬክተር ሆነ። ከ1903 ጀምሮ በተለያዩ የዩታ አካባቢዎች የሙከራ ማሳዎች ተከፈቱ። ውሃው ስንት ጫማ ወረደ፣ ስንቱ ተነነ፣ አንድ ኪሎ እህል ስንት ውሃ ጠጣ፣ ሁሉንም መዘገቡ። በዘመኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለሙያ ሆኜ ስመለከተው የማደንቀው የልኬቱን ጥንቃቄ ነው።

ግን አንድ ከባድ ታሪክም አለ። በደቡብ ዩታ፣ ጋርፊልድ አውራጃ ውስጥ በስሙ የተጠራች ዊትሶ የምትባል ከተማ ነበረች። ሰዎች በደረቅ እርሻ ተስፋ ይዘው ሰፈሩባት። ሱቅ ተከፈተ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ። በ1920ዎቹ ዝናቡ እየጠፋ ሄደ። ምርቱ ወደቀ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የፌዴራል መንግሥቱ መሬቱን ከነዋሪዎቹ ገዝቶ ቤተሰቦቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ። ፎቶ አንሺዋ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 እዚያ ሄዳ የቀሩትን ሰዎች አንስታቸዋለች። ዛሬ ጥቂት ያረጁ ቤቶች ናቸው የቀሩት።

ይህን የማነሳው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። ሳይንሱ ልክ ነው። ግን ሳይንሱ የሚሠራበት የዝናብ መጠን አለው። ከሱ በታች ሲወርድ ምንም ያህል ብታርስ የሚከማች ውሃ የለም። ተማሪዎቼን ሳስተምር ሁለቱንም አብሬ ነው የማሳያቸው፣ ማሳውንም ባዶዋን ከተማም።

---

ሎጋን_ኬሚስትሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቶለንስን ነገር ሳነብ ጮህኩ፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ምን ሆነሽ አለችኝ። የከተማዋ ታሪክ ግን አሳዘነኝ።

እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር። አና ልጆቿን ካደረሰች በኋላ ምን ሆነች? አርፋ ተቀመጠች? ደግሞ ስለ ጆን ባለቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉት። የቤቱ ሴቶች ራሳቸው ተምረዋል ወይስ ወንዶቹን ብቻ ነው ያስተማሩት?

---

የካሽ_ቫሊዋ፦

ይህን ብትጠይቂኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ ለታሪክ_ወዳድ። ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። ኮሌጁ ባይኖር ልፋቷ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። ግን በዚያው ዓመት ሎጋን የገቡ ስንት ቤተሰቦች ነበሩ? ልጃቸው በአሥራ አምስት ዓመቱ እርሻ ወይም ባቡር ሥራ ላይ ገብቶ ደመወዙን እንዲያመጣ የፈለጉ ብዙ ነበሩ፣ አልፈርድባቸውም። አና ያንን ደመወዝ ትታ ነው ልጇን ኮሌጅ ያቆየችው። ኮሌጁ በሩን ከፈተ፣ እሷ ደግሞ እስከ በሩ አደረሰችው። እኔ ሁለቱን መለየት አልፈልግም። ካስገደድከኝ ግን የማደላው ለእሷ ነው።

አና አርፋ አልተቀመጠችም። ፔትሮሊኔ የምትባል እህት ነበረቻት፤ እሷም እምነቱን ተቀብላ ዩታ መጥታ ነበር። በ1903 ሁለቱ እህትማማቾች ሚስዮናዊ ሆነው ወደ ኖርዌይ ተመለሱ። አና ያኔ ሃምሳውን አልፋለች። ቤተክርስቲያኗ ላላገቡ ሴቶች የሚስዮናዊነትን ሥራ በይፋ የከፈተችው በ1898 ነው፣ ነገሩ ገና አዲስ ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ የራቋት ሰዎች ወዳሉበት አገር፣ ከቤት ቤት እየሄዱ ማስተማር! እስከ 1905 ቆዩ። ልጆቿ ያኔ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። የምትጦረው ሰው አልቀረባትም፣ የምታስተምረው ግን ነበራት።

ኦስቦርን ቀደም ብሎ በደቡብ ፓስፊክ፣ ታሂቲ አካባቢ ሚስዮናዊ ነበር። ከዚያ ሀርቫርድ ገብቶ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተርሱን ያዘ። ሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘውን የቤተክርስቲያኗን ትምህርት ቤት መራ፣ ቀጥሎ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። አና በሐምሌ 1919 አረፈች። ኦስቦርን በመጋቢት 1920 ተከተላት፣ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ባለቤቱ ሮዝ ሆመር ዊትሶ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የቤት ኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነበረች። ስለዚህ ጥያቄሽ ላይ የመጀመሪያዋ ምስክር እሷ ናት።

ሁለተኛዋ ሊያ ናት፣ የጆን ባለቤት። ሊያ ዳንፎርድ ሞርሞኖችን ወደ ዩታ የመራው የብሪገም ያንግ የልጅ ልጅ ናት። እናቷ ሱዛ ያንግ ጌትስ በዘመኗ የታወቀች ጸሐፊና የሴቶች መብት ተከራካሪ ነበረች። ሊያ ኒው ዮርክ ብሩክሊን በሚገኘው ፕራት ኢንስቲትዩት ስለ ምግብና ስለ ቤት አያያዝ ሳይንስ ተማረች። ከማግባቷ በፊት በብሪገም ያንግ አካዳሚ አስተምራለች። የኖርዌዩ ልጅና የብሪገም ያንግ የልጅ ልጅ የተገናኙት ሀርቫርድ በር ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ እሷ በአንድ የበጋ ኮርስ ሄዳ ነበር።

ሊያ በቤተክርስቲያኗ የጤና ሕግ ላይ ከባሏ ጋር አብራ መጽሐፍ ጽፋለች፣ በ1937 ወጣ። ጓደኞችሽ ቡናና ሻይ እንደማይጠጡ፣ አልኮልና ትምባሆ እንደማይነኩ ታውቂያለሽ። የጥበብ ቃል የሚባለው ሕግ ነው። ዊትሶዎች ከዚያ አልፈው ሄዱ። ነጭ ዱቄትን ትታችሁ ሙሉ ስንዴውን ብሉ፣ ሥጋ ቀንሱ፣ አትክልት አብዙ አሉ። ቤተክርስቲያኗ ይህን እንደ ግዴታ አልወሰደችውም። ለእኔ ግን እዚያ ላይ የሚታየኝ የሊያ ወጥ ቤትና የጆን ቤተሙከራ አንድ ላይ ሲሠሩ ነው። እናቶችን ነበር የምታስበው። ልጅ የሚሞተው ሁልጊዜ በበሽታ ብቻ አይደለም፣ በምግብ ጉድለትም ነው ብላ ታምን ነበር።

የልጅን ሞት ታውቀው ነበር። ሰባት ልጆች ወለዱ። ለአካለ መጠን የደረሱት ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስቱም አንዱ፣ ወንድ ልጃቸው፣ በ1927 በሃያዎቹ ዕድሜው ሞተ። በዚያው ዓመት ጆን የአውሮፓ ሚስዮን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። ሄዱ። ሊያ እስከ 1933 በየአገሩ እየዞረች የቤተክርስቲያኗን የሴቶች ማኅበር መሪዎች አሠለጠነች። እኔ ይህን ቦታ ሳነብ ሁሌም አቆማለሁ። ያንን ሐዘን ይዛ ያንን ሁሉ ሥራ!

የተረፉት ሴት ልጆች አንዷ በአያቷ ስም አና ትባላለች። ሌላዋ እንደ እናቷ ሊያ ናት፣ ሆመር ዱራም የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር አገባች። እሱም ከ1960 እስከ 1969 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበር፣ በኋላም የዩታን ከፍተኛ ትምህርት በኮሚሽነርነት መራ። የአስተማሪው ቤት ሦስተኛው ትውልድም ከትምህርት አልወጣም።

ጆን በ1921 ሐዋርያ ሆኖ እስከ 1952 አገለገለ። ያ ሁሉ ሹመት ላይ እያለ ስለ እናቱ ሕይወት ራሱ መጽሐፍ ጻፈ። ታነቢው ዘንድ እመክርሻለሁ። ግን ልጅ ስለ እናቱ ሲጽፍ የሚተወው ነገር አለ። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ብታዪ ይሻላል። የቤተሰቡ ወረቀቶች በዩታ ስቴት የታሪክ ማኅበር ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ሰዓታቸውን አረጋግጪ።

---

ሎጋን_ኬሚስትሪ፦

ሮዝን ጭራሽ አላውቃትም ነበር። እትዬ፣ ፈተናዬን እንደጨረስኩ ሶልት ሌክ እወርዳለሁ። የኖርዌይኛ ደብዳቤ ካጋጠመኝ ግን ማን ያነብልኛል?

---

የካሽ_ቫሊዋ፦

ቤተክርስቲያናችን ውስጥ ኖርዌይ ሚስዮናዊ ሆኖ የኖረ ወጣት አይጠፋም፣ አንዱን አመጣልሻለሁ። የድሮውን የእጅ ጽሑፍ ለመለየት ግን ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀኑን ንገሪኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።